ፊት ባለቤት አለው፦ የሴቶችን ፖርትሬት ለምትሠራ ልጅ ዘጠኝ ምክሮች

ልጄ፣

የሴቶችን ፖርትሬት ሠርተሽ ኤግዚቢሽን ልታዘጋጂ መነሣትሽን ነገርሽኝ። ምን እንዳነሣሣሽ ስጠይቅሽ፣ «ቴሌቪዥኑም ማስታወቂያውም የሚያሳዩን ሴት እኔ የማውቃትን አትመስልም» አልሽኝ። እውነትሽን ነው። በበዓል ማስታወቂያ ሴቲቱ የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ ቡና ታፈላለች፤ ሲኒውን ተቀብሎ ስለ ባንኩ ወይም ስለ ዘይቱ የሚናገረው ሌላ ነው። በመኪና ኤግዚቢሽን ከመኪናው ጎን ቆማ ፈገግ ትላለች፤ ስለ ሞተሩ የሚያብራራው ሌላ ነው። ዜና ላይ ደግሞ ወይ ታለቅሳለች፣ ወይ ፊቷን ሸፍና ከአውሮፕላን ትወርዳለች።

እኔ ከፎቶ ቤት ጀምሬ በመጽሔት ዝግጅት ክፍል ያረጀሁ ሴት ነኝ። የሽፋን ፎቶ ሲመረጥ ጠረጴዛው ዙሪያ የሚባለውን አውቀዋለሁ። «ይቺ ትስባለች»፣ «ይቺ ጠቆር ብላለች»፣ «ይቺኛዋማ አርጅታለች»። የምመክርሽ እዚያ ያየሁትንና ሌሎች ሴቶች ሠርተው ያሳዩንን ይዤ ነው። ሐሳቤ አንድ ነው፤ ፊት ባለቤት አለው። ሚዲያው ሴትን አስቀያሚ አድርጎ አይደለም የሚበድላት፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ ያሳምራታል። የሚበድላት ፊቷን ከስሟ፣ ከሥራዋና ከፈቃዷ ነጥሎ ሲወስድባት ነው። ያንቺ ሥራ የተወሰደውን ለባለቤቱ መመለስ ነው። ይህን ከያዝሽ ቀጥሎ ያሉት ዘጠኙ ምክሮች አይከብዱሽም።

1. የምትቃወሚውን ምስል አስቀድመሽ ቁጠሪው

በንዴት ብቻ የተሠራ ሥዕል መፈክር ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ብሩሽ ከማንሣትሽ በፊት የሳምንት ጋዜጣና መጽሔት ሰብስቢ፤ የማታውን ዜና ተከታተዪ፤ በመንገድሽ ያለውን ቢልቦርድ በስልክሽ አንሺ። ከዚያ ደብተርሽ ላይ አራት ዓምድ አስምሪና ለእያንዳንዷ ሴት ሙዪው። ስሟ ተጽፏል? ራሷ ትናገራለች ወይስ ሌላ ይናገርላታል? በእጇ ምን ይዛለች? ወዴት ነው የምታየው? አራተኛው ጥያቄ ያስገርምሻል። ወንዱ ወይ ወደ ሥራው ወይ ወደ ካሜራው ሲያይ፣ ሴቲቱ ወደ ዕቃው ወይም ወደ ወንዱ ስታይ ደጋግመሽ ታገኛለሽ።

ይህን ቆጠራ ዓለምም ይቆጥረዋል። ግሎባል ሚዲያ ሞኒተሪንግ ፕሮጀክት የሚባለው ጥናት በየአምስት ዓመቱ አንድ ቀን መርጦ የብዙ አገሮችን ዜና ይመረምራል። እ.ኤ.አ. በ1995 ሲጀመር በዜና ከሚታዩት፣ ከሚሰሙትና ከሚነሡት ሰዎች መካከል ሴቶች 17 በመቶ ነበሩ። በ2020 ደግሞ 25 በመቶ ሆኑ። ሩብ ምዕተ ዓመት ሄዶ የተጨመረው 8 ነጥብ ብቻ ነው። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» የሚለውን ተረት ዛሬ በአደባባይ ደፍሮ የሚናገር ባይኖርም ዜናው ውስጥ ግን ተቀምጧል፤ ስለ ኑሮ ውድነት ሸማቿ ታማርራለች፣ የኢኮኖሚ ባለሙያው ያብራራል።

ከቆጠራሽ የሚወጣው ትልቁ ነገር የጎደሉት ሴቶች ዝርዝር ነው። ዳኛዋ፣ የከባድ መኪና ሹፌሯ፣ ሕንፃ ላይ ብሎኬት የምታቀብለው የቀን ሠራተኛ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ የምትውለው ባለሙያ፣ ጡረታ የወጣችው መምህርት። መጀመሪያ የምትሥያቸው ከዚህ ዝርዝር ይምጡ።

2. ምስሉ ከየት እንደመጣ እወቂ

ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ሲወረን ወታደሮቹ ከጠመንጃቸው ጋር ካሜራ ይዘው ነበር የመጡት። «ፋቼታ ኔራ» የሚባለው የዘመኑ ዘፈናቸው ሐበሻይቱን ልጅ ነፃ ሊያወጣት እንደሚመጣ ይዘምርላታል። ያ ወታደር በኪሱ የያዘው ፖስታ ካርድ ግን የምሥራቅ አፍሪካ ሴቶች ተራቁተው የተነሡበት ነበር። ሴቲቱ በካርዱ ላይ ስም የላትም፤ «የሐበሻ ሴት» ከሚል ዓይነት ጽሑፍ በቀር ስለ እሷ የሚናገር የለም። ደራሲ መዓዛ መንግሥቴ ከዚያ ጦርነት የቀሩ ፎቶዎችን ስትሰበስብ ኖራለች። እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣችውና በዓመቱ ለቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዙር የታጨው «ዘ ሻዶው ኪንግ» የተሰኘው ልቦለዷ ጣሊያንን የተዋጉ ሴቶችን ታሪክ ይተርካል፤ ካሜራ የያዘ የጣሊያን ወታደርም በመካከሉ አለ። የጦር መሣሪያ ስትቆጥሪ ካሜራውንም እንድትቆጥሪ የሚያስተምርሽ መጽሐፍ ነውና አንብቢው።

ቀጥሎ የ1977 ዓ.ም. ረሀብ መጣ። መሐመድ አሚን ኮረም ላይ የቀረጸውና በቢቢሲ የታየው ፊልም ዓለምን አስነሥቶ እህል አስመጥቷል፤ ነፍስም አድኗል። ይህን አትካጂ። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ለረጅም ዘመን በውጭ አገር ጋዜጣ «ኢትዮጵያዊት» ስትባል የምትታየው ልጇን ታቅፋ መሬት ላይ የተቀመጠች፣ ስም የሌላት እናት ሆነች። ረሀቡ አልፎም ምስሉ ቀረ።

የራሳችን ሙገሳም ከዚህ ነፃ አይደለም። «እናት ኢትዮጵያ» እያልን አገርን በሴት መመሰል ደስ ይለናል፤ በፖስተሩም በሸራውም ሞልቷል። የተመሰለችው ሴት ግን አትናገርም፣ አታረጅም፣ ደመወዝ አትጠይቅም። ሴትን አርማ ማድረግ ከማዋረድ ይሻል ይሆናል፤ ሰው ማድረግ ግን አይደለም። አንቺ ከሁለቱም ራቂ።

3. ከራሳችን ግድግዳ ተማሪ

ለተቃውሞሽ ሞዴል ፍለጋ ሩቅ አትሂጂ። የጥንት የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችን አንድ ሥርዓት ነበራቸው። ጻድቁ በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ይሣላል፤ ኃጢአተኛውና አሳዳጁ በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሣላል። ሁለት ዓይን የተሰጠው ሰው ተመልካቹን መልሶ ያየዋል። ተመልካቹ እያየ መሆኑን ብቻ ሳይሆን እየታየ መሆኑንም ያውቃል። አሁን ደብተርሽን ግለጪና አራተኛውን ዓምድ መርምሪው፤ ማስታወቂያው ለስንቷ ሴት ነው ሁለቱን ዓይኖቿን የሰጣት?

ጣና ላይ ደቅ ደሴት ከደረስሽ ናርጋ ሥላሴን ሳታዪ አትመለሺ። ቤተ ክርስቲያኑን በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠራችው እቴጌ ምንትዋብ ናት፤ በልጇ በዳግማዊ ኢያሱ ዘመን አገር ያስተዳደረች ሴት። እመቤታችን ልጇን ይዛ ከተሣለችበት ሥር እቴጌይቱ ተደፍታ ትታያለች። ሲያዩት የትሕትና ሥዕል ነው፤ ነውም። ግን ልብ ብለሽ እዪው። ተደፍታም ቢሆን ልብሷ የእቴጌ ልብስ ነው፤ ሥዕሉ ያለበትን ቤት ያሠራችው እሷ ናት፤ በማን ፊት እንደምትደፋም የመረጠችው እሷ ናት። ማንም ደፍቷት አይደለም። የአንዲትን ሴት አቀማመጥ ክብር ወይም ውርደት የሚያደርገው ማን መረጠው የሚለው ነው። የሽፋን ፎቶ በመረጥን ቁጥር ይህ ጥያቄ ቢነሣ ኖሮ ብዙ ሽፋን ይለወጥ ነበር። ደግሞም ሥዕል ያሠሩ ሰዎች ስማቸው ከሥዕሉ አጠገብ መጻፉ የቆየ ልማዳችን ነው። በዐድዋ ሥዕሎችም እቴጌ ጣይቱ ከሠራዊቱ መካከል አለች እንጂ ድንኳን ውስጥ አልተተወችም።

ሁለተኛው ትምህርት ቤትሽ የቤተሰብ አልበም ነው። በንጉሡ ዘመን የአዲስ አበባ ሴቶች የክት ልብሳቸውን ለብሰው፣ ፀጉራቸውን አበጥረው፣ ገንዘባቸውን ከፍለው ፎቶ ቤት ይገቡ ነበር። አንዷ አፍሮዋን አሳምራ፣ አንዷ መጽሐፍ ይዛ፣ አንዷ ከጓደኛዋ ጋር ተቃቅፋ ተነሥታለች። አነሣሧን መራጯም ከፋይዋም ራሷ ናት። «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» በሚል ሥራ ወጣቶች እንዲህ ያሉ ፎቶዎችን ከየቤቱ ሰብስበው መጽሐፍ አድርገዋቸዋል። የአያትሽን ሣጥን ክፈቺና የራስሽን ጨምሪበት።

4. ሳትጠይቂ አትሣዪ፣ ስም ሳትጽፊ አትስቀዪ

እ.ኤ.አ. በ1936 ዶሮቲያ ላንግ ካሊፎርኒያ ውስጥ ኒፖሞ በሚባል ቦታ በአተር ለቃሚዎች ሰፈር አንዲት እናት ከልጆቿ ጋር አነሣች። «ማይግራንት መዘር» የተባለው ይህ ፎቶ በዓለም ላይ ብዙ ከታዩት አንዱ ነው። ላንግ የሴቲቱን ስም አልጠየቀችም። ፍሎረንስ ኦውንስ ቶምሰን እንደምትባልና የቸሮኪ ተወላጅ እንደሆነች ሕዝብ ያወቀው በ1978 ነው። ለ40 ዓመታት ፊቷ ጋዜጣና መጽሐፍ ሲሞላ እሷ በጉልበቷ እየሠራች ልጆቿን ታሳድግ ነበር። በ1985 የናሽናል ጂኦግራፊክ ሽፋን ላይ የወጣችው አረንጓዴ ዓይን ያላት አፍጋናዊት ልጅም ሻርባት ጉላ የሚለው ስሟ የተነገረው በ2002 ተፈልጋ ከተገኘች በኋላ ነው። ሁለቱም ፎቶዎች የጥበብ ጉድለት የለባቸውም። የጎደላቸው አንድ መስመር ጽሑፍ ነው።

አንቺ እንዲህ አድርጊ። ጉሊት የተቀመጠችውን እናት ልትሥዪ ከፈለግሽ መጀመሪያ ገበያዋን አትዝጊባት፤ እስክትጨርስ ጠብቂ። «እማማ፣ ሠዓሊ ነኝ፤ ፈቃድዎ ቢሆን ልሥልዎ እፈልጋለሁ» ብለሽ በወግ ጠይቂ። ሥዕሉ የት እንደሚሰቀል፣ የሚሸጥ መሆኑን፣ ኢንተርኔት ላይ መውጣቱን ሳትደብቂ ንገሪያት። ያቃጠልሽባትን ጊዜ በገንዘብ ካሺ፤ ውለታ ሳይሆን ዋጋ ነው። ሥራው ሲያልቅ ከማንም በፊት እሷ ትየው፤ ቅጂም ይሰጣት። እንዴት እንድትጠራ እንደምትፈልግም ጠይቂያት፤ አንዷ ሙሉ ስሟን፣ አንዷ «የእገሌ እናት» መባልን፣ ሌላዋ የሙያ ስሟን ትመርጣለች። ከሚደበድባት ሰው ሸሽታ የምትኖር ሴት ስሟ እንዳይወጣ ብትል ግን አታስገድጃት። መደበቅም ፈቃድ ነው፣ መርጣው ከሆነ።

5. ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ አትቸኩዪ

ሴት ካሜራ ወይም ሸራ ፊት ስትቀመጥ የሚሆነውን ልንገርሽ። ነጠላዋን ታስተካክላለች። ፀጉሯን በመዳፏ ጫን ጫን ታደርጋለች። ሥራ ያሻከረው እጅ ካላት ጭኗ ላይ አጣጥፋ ጣቶቿን ወደ ውስጥ ትደብቃለች። ከንፈሯን ትገጥማለች፤ ትንፋሿንም ትይዛለች። ይህ የምታውቂው ፊቷ አይደለም፤ ለመታወቂያ ጉርድ ፎቶ የተማረችው ፊት ነው። በዚህ ሰዓት «ፈገግ በይ» ካልሻት ደግሞ ሁለተኛ የተማረችውን ፊት ታወጣልሻለች፤ የማስታወቂያውን።

ዝም ብለሽ ቀለምሽን አዘጋጂ፤ ከዚያ ስለ ሥራዋ ጠይቂያት። አዋላጅ ነርስ ከሆነች ሕፃን ሲወለድ ጭንቅላቱን እንዴት እንደምትቀበል ስትነግርሽ የተደበቁት እጆች ይወጣሉ። መዳፏ ይዘረጋል፣ ትከሻዋ ይወርዳል፣ ዓይኗ አንቺን ትቶ ወደምታውቀው ክፍል ይገባል፤ ተመልሶ አንቺን ሲያይሽ ሌላ ሰው ነው። መሣል የሚጀመረው እዚያ ላይ ነው። እጆቿንም አትቁረጫቸው፤ የብዙ ሴት ታሪክ ከፊቷ ይልቅ እጇ ላይ ተጽፏል።

የምትለብሰውንና የምትይዘውን እሷ ትምረጥ። እ.ኤ.አ. በ2020 ሉዊቪል ከተማ ውስጥ ቤቷ ድረስ በመጡ ፖሊሶች የተገደለችውን የ26 ዓመቷን ብሪዮና ቴይለርን ለቫኒቲ ፌር መጽሔት ሽፋን የሣለቻት ኤሚ ሸራልድ ናት። ሟችን ወንበር ላይ አስቀምጦ መጠየቅ አይቻልም። ስለዚህ ሠዓሊዋ ቤተሰቧን ጠየቀች፤ ፍቅረኛዋ ቀለበት ሊያስርላት አስቦ እንደነበር በሰማች ጊዜ ቀለበቱን ጣቷ ላይ ሣለችው። ዜናው ብሪዮናን ያስተዋወቀን በአሟሟቷ ነበር። ቀለበቱ ልትኖረው የነበረውን ኑሮ ጨመረበት። አንዲት ትንሽ ዕቃ ከረጅም መግለጫ የበለጠ የምትሠራው እንዲህ ነው፤ ከባለቤቷ ወይም ከሚያውቋት ሰዎች ስትመጣ።

6. ብርሃንም ቀለምም ወገን አላቸው

«ካሜራ አይዋሽም» የሚሉሽን አትመኚ። ኮዳክ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች የሚልከው የቀለም መመዘኛ ካርድ ነበረ፤ ከመጀመሪያዋ ሞዴል ስም «ሸርሊ» ተባለ። ካርዱ ላይ የነበረችው ነጭ ሴት ናት፤ ፎቶው የሚታረመው የእሷ መልክ ደህና እስኪወጣ ነበር። ጥቁር ሰው እዚያው ፊልም ላይ ሲነሣ ፊቱ ጨለማ ውስጥ ይገባና ጥርሱና የዓይኑ ነጭ ብቻ ይቀራል። ኩባንያው ነገሩን ማስተካከል የጀመረው የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች «የዕቃችን ቡናማ ቀለም በትክክል አይወጣም» ብለው ካማረሩ በኋላ ነው። ሰዎቹ ያላገኙትን መልስ ቸኮሌቱ አገኘ።

ዛሬ ያ ፊልም የለም፤ ልማዱ ግን ስልክሽ ውስጥ አለ። «ቢዩቲ» የሚባለውን ፊልተር ስትከፍቺ ብዙ ጊዜ ቆዳን ያነጣል። እዚህም «ቀይ ናት» ማለት እንደ ሙገሳ ይነገራል፤ ማቅያ ክሬሙም በየሱቁ አለ። ስለዚህ ፊልተሩን ዝጊ። ብርሃኑን ከፊቷ ላይ ለኪ እንጂ ከበስተጀርባዋ ካለው ነጭ ግድግዳ አትለኪ። ፍላሽ ትተሽ መስኮት አጠገብ በጎን አስቀምጫት። በቀለም ከሠራሽ ጥቁር ቆዳን በቡናማና በነጭ ብቻ አትደባልቂ፤ አመድ ይሆንብሻል። ቀይ፣ ሰማያዊና ሐምራዊ ውስጡ አለ፤ ጥላውን በጥቁር ቀለም ከመሙላት በሰማያዊ ብታወርጂው ሕይወት ይኖረዋል።

ሌላም መንገድ አለ። ሸራልድ የሥዕሎቿን ሰዎች ቆዳ ግራጫ አድርጋ ትሠራለች፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ዋሽንግተን በሚገኘው ብሔራዊ የፖርትሬት ጋለሪ የተገለጠው የሚሼል ኦባማ ሥዕልም እንዲሁ ነው። ተመልካቹ ከቆዳው ቀለም አስቀድሞ ሰውዮዋን እንዲያይ ነው። የደቡብ አፍሪካ ፎቶግራፍ አንሺ የሆኑት ዛኔሌ ሙሆሊ ደግሞ ተቃራኒውን መርጠዋል፤ ራሳቸውን ባነሡባቸው ፎቶዎች ጥቁረቱን ሆን ብለው አጠንክረውታል። አንዷ ቀለሙን አነሣችው፣ ሌላው አጎሉት፤ ሁለቱም አስበውበት ነው። ሳታስቢ የመረጥሽውን ቀለም ግን የመረጠልሽ ሌላ ነው።

የዕድሜ መስመርን፣ የአንገት ንቅሳትን፣ የወሊድ ማዲያትን አታጥፊ። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የሞዴል ሰውነት በኮምፒውተር የተቀጠነበት ወይም የተወፈረበት የንግድ ፎቶ «የተነካካ ፎቶ» የሚል ጽሑፍ እንዲኖረው በሕግ አስገድዳለች። አንቺ ሕግ አያስፈልግሽም።

7. አታስውቢ፣ አታሳዝኚ

ሚዲያው ለሴት ሁለት ወንበር አዘጋጅቷል፤ የውበትና የሐዘኔታ። ለእነዚህ መልስ ሲሰጡ ብዙ ወጣት ሠዓሊዎች ሦስተኛ ወንበር ሲሠሩ አያለሁ፤ የጀግና። ሴቲቱን ጡንቻ ሰጥተው፣ ቡጢ አስጨብጠው ያቆሟታል። ጀግና የሆነች ሴት ካገኘሽ ሣያት፤ ደክሟት የተቀመጠችውን ጀግና ነሽ ብለሽ አታስጨንቂያት።

መውጫውን ከዐይዳ ሙሉነህ ተማሪ። አዲስ አበባ ተወልዳ በየመን፣ በቆጵሮስና በካናዳ አድጋ፣ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተምራ፣ ለዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ ፎቶ ያነሣች ሴት ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ወደ አገሯ ተመለሰች። የዜና ፎቶ አፍሪካን እንዴት እንደሚያሳይ ከውስጥ አውቃዋለች። «ዓለም ዘጠኝ ናት» ከሚለው የአያቷ አባባል ስሙን በወሰደው ሥራዋ የሴቶቹ ፊትና አካል በነጭ፣ በሰማያዊና በቀይ ተቀብቶ ይታያል። በ2018 ዎተርኤይድ ስለ ውሃ ችግር ፎቶ እንድትሠራ ሲጠይቃት የሚጠበቀው የታወቀ ነው፤ አቧራ፣ ቢጫ ጄሪካን፣ የደከመች ሴት። እሷ ግን ወደ አፋር፣ ወደ ዳሎል ወረደችና በዚያ በተቃጠለ ምድር ላይ ሴቶችን እንደ ነገሥታት በደማቅ ቀለም አልብሳ አቆመች። ውሃ ቀጂዎች መሆናቸው አልተደበቀም፤ ሸክሙም አለ። ተመልካቹ ግን ከንፈሩን መጥጦ ገጹን መግለጥ አይችልም፤ ቆሞ ማሰብ አለበት።

ይህ ትምህርት በስደት ላሉት እህቶቻችን ይበልጥ ይበጃል። በ2012 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ቤሩት በሚገኘው ቆንስላችን ደጃፍ አሠሪዎቻቸው አምጥተው የጣሏቸው ሴቶች ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠው የተነሡት ፎቶ ዓለምን ዞሯል። መታየቱ ተገቢ ነበር። ግን ከእነዚያ መካከል ልብስ ሰፊ፣ ነርስ፣ አረብኛን አቀላጥፋ የምትናገር፣ ወንድሞቿን ያስተማረች ሴት አትጠፋም፤ ያን የነገረን ፎቶ የለም። ሙሆሊ እናታቸው ቤስተር ዕድሜያቸውን በነጭ ቤተሰብ ቤት በሠራተኝነት ማሳለፋቸውን ለማስታወስ የልብስ መቆንጠጫን እንደ ዘውድና እንደ ጌጥ ተጠቅመው ራሳቸውን አንሥተዋል። ከአረብ አገር የተመለሰች ሴት ሰፈርሽ ውስጥ አለች። ስላለቀሰችው ብቻ ሳይሆን ስለምታውቀውና ስለሠራችው ጠይቂያት፤ እሱን ሣዪው።

8. ራስሽንም ሣዪ

ሌላውን ወንበር ላይ ከማስቀመጥሽ በፊት አንቺ ተቀመጪበት። መታየት ምን እንደሚመስል ያላወቀ ሰው የሌላውን ዓይን አያከብርም። የጣሊያኗ አርቴሚሲያ ጄንቲሌስኪ እ.ኤ.አ. በ1630ዎቹ ማብቂያ ለንደን ሳለች የሠራችውን ሥዕል ፈልገሽ እዪ። በዘመኑ ሥዕል የተባለው ሙያ ራሱ በሴት አምሳል ይሣል ነበር፤ የሚሥሉት ግን በብዛት ወንዶች ነበሩ። አርቴሚሲያ ሞዴሉንም ሙያውንም ሠዓሊውንም ራሷ ሆና ተሣለች፤ ክንዷ ወጥቶ፣ ፀጉሯ ተንጨባሮ፣ ዓይኗ ሥራዋ ላይ ሆኖ። ለተመልካች ጊዜ የላትም። የሜክሲኮዋ ፍሪዳ ካሎም ከሥራዎቿ ሲሶ የሚሆነው የራሷ ፊት ነው፤ የተገጣጠመ ቅንድቧንና ከከንፈሯ በላይ ያለውን ጠጉር አልነቀለችውም። አሜሪካዊቷ ሲንዲ ሸርማን ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1977 እስከ 1980 በፊልም ውስጥ የለመድናቸውን ሴቶች እየመሰለች ራሷን አነሣች፤ ብቸኛዋን፣ የምትጠብቀዋን፣ የምትፈራዋን። ፎቶዎቹን ተራ በተራ ስታዪ «የሴት ዓይነት» የምንለው ነገር የሚለበስና የሚወልቅ መሆኑ ይገባሻል።

9. ሥራሽን ሕዝብ ወዳለበት አውርጂው

ወደ ጋለሪ የሚመጣው አስቀድሞ የተስማማሽ ሰው ነው። ማስታወቂያው ያለው ግን ታክሲ ላይ፣ ባንክ ውስጥና ስልክ ላይ ነው። ጌሪላ ገርልስ የተባሉት የኒው ዮርክ ሴት አርቲስቶች ይህን ቀድመው አውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1989 በሜትሮፖሊታን ሙዚየም የዘመናዊ ጥበብ ክፍል የሴት አርቲስቶች ድርሻ ከ5 በመቶ በታች ሆኖ ሳለ ከዕርቃን ሥዕሎቹ 85 በመቶዎቹ የሴት መሆናቸውን ቆጥረው በፖስተር አወጡት፤ የከተማ አውቶቡስ ላይም ለጠፉት። ቁጥሩ ሙዚየም ገብቶ ለማያውቅ ሰው ደረሰ። እዚህ አገርም ዐይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስትን የመሠረተችው የአፍሪካን ፎቶ አፍሪካ ውስጥ ለማሳየት ነው፤ ሥራሽን አዘጋጅተሽ በእንዲህ ያለው መድረክ ተወዳደሪ።

ከዚያ አልፈሽ ደግሞ አስቢ። በየዓመቱ መስከረም ላይ በየቤቱ ግድግዳ የሚሰቀለው ካላንደር አለ፤ ዓመቱን ሙሉ የሚታይ ፖርትሬት ማሳያ ከዚህ የሚበልጥ አላውቅም። በአሥራ ሦስቱ ወራት አሥራ ሦስት ሴቶች፣ ስማቸውና ሙያቸው በአማርኛ ተጽፎ። አንድ ባንክ ወይም ማተሚያ ቤት ለማሳመን ሞክሪ፤ እምቢ ካሉሽ ሌላውን በር አንኳኪ። ወደ ዝግጅት ክፍሎችም ሂጂ። የጋዜጣ አዘጋጅ «ሴት ባለሙያ አጣን» ይልሻል፤ አንቺ የሣልሻቸውን ባለሙያዎች ዝርዝር ከነሥዕላቸውና ከነፈቃዳቸው ይዘሽ ቅረቢ። ሰበቡን ታሳጪዋለሽ።

ኤግዚቢሽኑ ሲከፈት ደግሞ ከባለሥልጣኑም ከጋዜጠኛውም በፊት የሣልሻቸውን ሴቶች ጥሪ፤ የታክሲያቸውንም ቻዪ። ከፊት ወንበር አስቀምጫቸው፤ ጋዜጠኛው ሲመጣ ማይክሮፎኑን ለእነሱ አሳልፊ፤ ስለ ሥዕሉ መጀመሪያ የሚናገሩት እነሱ ይሁኑ። ከዚያ ጆሮሽን ጣዪ። ሴቲቱ ከሥዕሏ ፊት ቆማ «ቆንጆ አደረግሽኝ» ካለችሽ አመስግኚያትና ወደ ሥራሽ ተመለሺ፤ ገና ይቀርሻል። «እኔ ነኝ» ካለች ግን ሥራሽ ተሠርቷል።